ኮንት ፌሊክስ ዚናይዳ ዩሱፖቫን ሲያገባ በትክክል ምን አገኘ?

ዘጣና፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እዚህ ባሕር ዳር በየወሩ የምንሰበሰብ የታሪክ አንባቢዎች አለን፤ ቀጣዩ ተራ የእኔ ነው። ርዕሱን የሰጡኝ ሌሎቹ ናቸው፦ የራስፑቲን (በመጨረሻው ዛር ቤት ተሰሚ የነበረው የሩሲያ ባሕታዊ) ገዳይ የልዑል ፌሊክስ ዩሱፖቭ አባት፣ ኮንት (ከልዑል ዝቅ ያለ ማዕረግ ነው) ፌሊክስ ሱማሮኮቭ-ኤልስተን፤ ሚስቱ ባለጸጋዋ ልዕልት ዚናይዳ ዩሱፖቫ ናት። ስለ ልጁ የተጻፈው ተቆጥሮ አያልቅም። አባትየውን ግን ሁሉም «ሀብታም አግብቶ ልዑል ሆነ» ብሎ በአንድ መስመር ይሻገረዋል።

ችግሩ አድማጮቼ በዚህ አይለቁኝም። አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ አሉ፤ ሁለት የፖሊ (የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ) መምህራንም አሉ። ሚስቱን ሲያገባ ንብረቱ የእሱ ሆነ ወይስ አልሆነም? ማዕረግ በሚስት በኩል እንዴት ይመጣል? ቀኖቹን ወደ እኛ ዘመን አቆጣጠር ስቀይር ደግሞ አንዱ ጽሑፍ ከሌላው በ12 ወይም በ13 ቀን ይለያያል፤ የትኛውን ልያዝ? በዚያ ላይ አንዱ «ይሄማ ለምኒልክ የመጣው የሩሲያ ኮንት ነው» ብሎ ግራ አጋብቶኛል። የተሰጠኝ ጊዜ 25 ደቂቃ ነው። የምታውቁ እባካችሁ።

የጎጃሙ ጠበቃ፦

እህቴ፣ ከዳኛው ጥያቄ ጀምሪ፤ የታሪኩ ቁልፍ እዚያ ነው። መልሱ አጭር ነው፦ አልሆነም። ንብረቱ አንድም ቀን የእሱ አልነበረም።

በዛሩ ዘመን የሩሲያ ሕግ ባልና ሚስት የጋራ ንብረት አልነበራቸውም። ከ1753 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያገባች ሴት የራሷን ርስት ያለ ባሏ ፈቃድ መሸጥ ትችል ነበር። ኋላ የወጣው የሕግ ስብስብ በ10ኛው ቅጽ፣ አንቀጽ 109 ላይ ይህንኑ ደነገገ፦ ጋብቻ የንብረት አንድነት አያመጣም፤ እያንዳንዱ የየራሱን ይይዛል፣ አዲስም ያፈራል። ባል የሚስቱን መሬት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ እንደ ማንኛውም ባዕድ የውክልና ሥልጣን ያስፈልገዋል። ጥሎሽ ይዛ ብትመጣም ጥሎሹ የእሷው ነው።

ሰው የሚሳሳተው የእንግሊዝን ሕግ ለሩሲያ ስለሚያለብስ ነው። እንግሊዝ አገር ያገባች ሴት ንብረቷን በራሷ ስም እንድትይዝ ሙሉ መብት የሰጠው ሕግ የወጣው በ1882 ነው። ፌሊክስና ዚናይዳ የተጋቡትም በዚያው በ1882 ነው። ያን ጊዜ የሩሲያ ሴት መብቱን ይዛ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏታል። ይህን አጠገብ ለአጠገብ ካስቀመጥሽላቸው ዳኛው ጸጥ ብለው ያዳምጡሻል።

ለእኛ ሰው ደግሞ በሰማንያ አታስረጂ። ሰማንያ ላይ ሀብት እኩል ነው፤ ያን ጊዜ ሩሲያ ላይ እንዲህ የሚባል ነገር አልነበረም። የሚቀርበው የድሮው የጎጃም ርስት ነው። ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠራል፣ ሴት ከአቅኚ አባቷ (መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ቅድመ አያት) ድርሻዋን ትጠይቃለች፣ ባል የሚስቱን ርስት ያርሳል እንጂ ባለርስት አይባልም፣ ልጆቹ ግን በእናታቸው ይገባሉ። የፌሊክስ ሁኔታ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

ብትሞትስ ምን ያገኝ ነበር ቢሉሽ፣ ሒሳቡ ይኸውልሽ። ያለ ኑዛዜ ሲሆን በሕይወት ያለው የትዳር ጓደኛ (ባልም ሆነ ሚስት) ከማይንቀሳቀሰው አንድ ሰባተኛ፣ ከሚንቀሳቀሰው አንድ አራተኛ ይወስዳል። መሬቱና ቤቱ 700 ሺህ ሩብል፣ ጌጡና ጥሬ ገንዘቡ 400 ሺህ ሩብል ቢሆን (ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው) ለባል የሚደርሰው 100 ሺህ ከዚህ፣ 100 ሺህ ከዚያ ነው። የቀረው የልጆቹ ነው። በኑዛዜም ቢሆን ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ርስት ከዘር እንዳይወጣ ሕጉ ያስራል፤ ለባል ማድረግ የሚቻለው በሕይወት ዘመኑ እንዲጠቀምበት መተው ነው። በገንዘብ የተገዛውን ግን ለፈለጉት ማውረስ ይቻላል። «የዘር» እና «የግዢ» ብለሽ ለይተሽ ጻፊው።

ዚናይዳስ ሴት ሆና ያን ሁሉ እንዴት ወረሰች? ወንድ ወንድም ቢኖራት ኖሮ የሴት ልጅ ድርሻ ከማይንቀሳቀስ አንድ አሥራ አራተኛ፣ ከሚንቀሳቀስ አንድ ስምንተኛ ብቻ ነበር። ወንድሟ በጨቅላነቱ ሞተ። እህቷ ታቲያና በ1888 አረፈች። አባታቸው ኒኮላይ ቦሪሶቪች በ1891 ሲሞት የቀረችው እሷ ብቻ ናት። እንግዲህ ፌሊክስ በ1882 ሲያገባት ብቸኛ ወራሽ አልነበረችም፤ እህቷ በሕይወት ነበረች። «አጠቃላይ ሀብቱን አስልቶ ገባ» የሚለው ወሬ ከዚህ ቀን ቅደም ተከተል ጋር አይሄድም።

መዝገብ ገላጭ፦

ጠበቃው ስለ ንብረቱ ጨርሶታል፤ እኔ ስለ ስሙ ልበል። መጀመሪያ ግን ሦስቱን ፌሊክሶች ለዪ፤ አቅራቢዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነው።

አያትየው ፌሊክስ ኒኮላየቪች ኤልስተን ነው (1820–1877)። ወላጆቹ በይፋ አልታወቁም፤ ስለ አባቱ ንጉሥ ነው፣ ባሮን ነው የሚሉ ወሬዎች ብዙ ናቸው፤ አንዱንም እንደ እውነት አታቅርቢ። እሱ ወንድ ልጅ የሌለውን የኮንት ሰርጌይ ሱማሮኮቭን ልጅ ኤሌናን አገባ። በ1856 በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የአማቱን ስምና የኮንትነት ማዕረግ አገኘና «ኮንት ሱማሮኮቭ-ኤልስተን» ተባለ። ኋላ የኩባን ኮሳክ ጦር አዛዥ ሆኗል።

ልጁ የአንቺ ሰው ነው፦ ፌሊክስ ፌሊክሶቪች (1856–1928)። ተወልዶ የመጣው አባቱ ማዕረጉን ባገኘበት ዓመት ነው። እሱም በተራው ወንድ ወራሽ የሌለውን የልዑል ኒኮላይ ዩሱፖቭን ልጅ አገባ። ሁለት ትውልድ በተከታታይ ስም በሚስት በኩል ገባ ማለት ነው። ይህን ሳትነግሪያቸው ብትወርጂ ርዕሱን ግማሹን ትተሽው ነው የምትወርጂው።

ሦስተኛው የልጅ ልጁ፣ የራስፑቲኑ ፌሊክስ ነው (1887–1967)። በጽሑፍ «ልዑል ፌሊክስ ዩሱፖቭ» የሚል ካየሽ በመጀመሪያ ዓመቱን ተመልከቺ። በ1915 ሞስኮን ያስተዳደረው አባት ነው፤ በ1916 ሞይካ ቤተ መንግሥት ውስጥ ራስፑቲንን የገደለው ልጅ ነው።

አሁን ማዕረጉ። በዛሩ ዘመን ሥርዓት ሴት የባሏን ማዕረግ ትወስዳለች እንጂ የራሷን ለባሏም ለልጆቿም አታስተላልፍም። ስለዚህ ልዕልት ዩሱፖቫ ሠርጓ ዕለት በሕግ «ኮንተስ ሱማሮኮቫ-ኤልስተን» ሆነች። ዝም ቢባል አባቷ ሲሞት የዩሱፖቭ ስም አብሮ ይቀበር ነበር። መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፦ ለንጉሠ ነገሥቱ ማመልከት። ፈቃድ ሲገኝ ስሙና የዘር ዓርማው ይጣመራል፤ ማዕረጉ ለማን እንደሚወርድም በፈቃዱ ላይ ይጻፋል። በ1885 የወጣው ፈቃድ ፌሊክስ «ልዑል ዩሱፖቭ፣ ኮንት ሱማሮኮቭ-ኤልስተን» እንዲባል ሲል፣ ልዑልነቱ ግን በእያንዳንዱ ትውልድ ለበኩሩ ብቻ እንዲወርድ ወሰነ።

ይህች ገደብ ትንሽ ትመስላለች፤ ቤቱን የመታችው ግን እሷ ናት። የበኩሩ ልጅ ኒኮላይ ወራሽ ነበር፤ ታናሹ ፌሊክስ «ኮንት» ብቻ። ኒኮላይ በ1908 የኮንት ማንቶይፌል ሚስት በሆነችው በማሪና ሃይደን ምክንያት ከባልየው ጋር ፒተርስበርግ ክሬስቶቭስኪ ደሴት ላይ በሽጉጥ ተታኮሰና ሞተ። 26 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርቶት ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ታናሹ ወራሽ የሆነው። በቤቱ ላይ እርግማን አለ፣ በየትውልዱ ከ26 የሚያልፈው አንድ ብቻ ነው የሚለው ተረት የሚጠቀሰውም ለዚህ ነው። ተረት መሆኑን ብቻ ተናገሪ እንጂ አትዝለዪው፤ ሰው ይወደዋል።

ቀን ቆጣሪ፦

የቀኑ ነገር ቀላል ነው፤ የሚከብደው መሐል ላይ ጎርጎርዮሳዊውን (የዛሬውን የፈረንጅ አቆጣጠር) ስለምታስገቡ ነው።

ሩሲያ እስከ ጥር 1918 ድረስ የዩልዮስን አቆጣጠር ትጠቀም ነበር። ወደ ጎርጎርዮስ ለመቀየር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ላይ 12፣ በ20ኛው ላይ 13 ቀን ይጨመራል። አንዳንዱ ጸሐፊ ጨምሮ ይጽፋል፣ አንዳንዱ አይጨምርም፤ ያንቺ ልዩነት የመጣው ከዚያ ነው። የእኛ አቆጣጠር ግን ከዩልዮስ ጋር እኩል ይራመዳል፤ ክፍለ ዘመን ሲቀየር አይዛባም። ስለዚህ የሩሲያን የድሮ ቀን በቀጥታ ወደ እኛ አምጪው።

መስከረም 1 ማለት ሁልጊዜ የዩልዮስ ነሐሴ (ኦገስት) 29 ነው፤ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ብቻ ኦገስት 30 ይሆናል። ታኅሣሥ 1 ኖቬምበር 27 ነው። ሰኔ 1 ሜይ 26 ነው። ዓመቱን ከኦገስት 29 እስከ ዲሴምበር ሲሆን 7 ቀንሺ፤ ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት 28 ሲሆን 8። ትክክል መሆኑን መፈተሽ ከፈለግሽ ገናን ያዢ፦ የዩልዮስ ዲሴምበር 25 ታኅሣሥ 29 ላይ ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ 28 ላይ። የሩሲያ ገናና የእኛ ልደት አንድ ቀን የሚውሉት በዚህ ነው።

ሁለቱን ሠርቼልሻለሁ። የኒኮላይ ፍልሚያ በድሮው ጁን 22 ቀን 1908፤ በእኛ ሰኔ 28 ቀን 1900። ራስፑቲን የተገደለበት ሌሊት በድሮው ዲሴምበር 16 ለ17፣ 1916፤ በእኛ ታኅሣሥ 20 ለ21፣ 1909። ለአድማጭ የሚጣፍጠው ይሄኛው ነው፦ በዚያው 1909 ጥቅምት ላይ ሰገሌ ተዋግተናል፣ የካቲት ላይ ዘውዲቱ ነግሠዋል። ሠርጉ የዋለበት 1882 ደግሞ 1874 ነው፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ በምኒልክ የተማረኩበት ዓመት። የጎጃም ሰው ዓመቱን አይረሳውም።

ዘጣና፦

እግዜር ይስጥልኝ፤ ግማሹ ጭንቀቴ ቀለለ። ግን ንብረቱ የእሷ ከሆነ እሱ ምን ይሠራ ነበር? ዝም ብሎ ነው የኖረው? ደግሞስ «ከዛሩ ይበልጥ ሀብታም» የሚለውን ልጥቀሰው?

መዝገብ ገላጭ፦

«ከዛሩ ይበልጥ» የሚለውን «ይባል ነበር» ብለሽ ካልሆነ አትጥቀሺው። የዛሩ የግል ገንዘብ፣ የንጉሣዊው ቤተሰብ መሬትና የመንግሥት ንብረት በሦስት ሣጥን የተከፈለ ስለነበር ሁለቱን ማወዳደሪያ አንድ ሚዛን የለም። የቤተ መንግሥቶቹንም ቁጥር ተይው፤ እያንዳንዱ ጸሐፊ የተለየ ይሰጣል። ይልቅ የሚታወቁትን በስም ጥሪ፦ ሞስኮ አጠገብ አርሃንግልስኮዬ፣ በ1810 የተገዛ፤ ፒተርስበርግ ሞይካ ወንዝ ዳር ቁጥር 94፤ ኩርስክ ክፍለ ሀገር የነበረው ራኪትኖዬ፣ የስኳር ፋብሪካ ያለበት፤ ክራይሚያ ኮሬይዝ፣ በ1909 (እ.ኤ.አ.) ለራሱ ለፌሊክስ የተሠራ፣ መሐንዲሱ የዛሩን የሊቫዲያ ቤተ መንግሥት የሠራው ኒኮላይ ክራስኖቭ።

እሱ ወታደር ነበር። ሥራ ፈት አልነበረም። የሞስኮ ገዥ የነበረው የዛሩ አጎት ግራንድ ዱክ ሰርጌይ አሌክሳንድሮቪች ረዳት መኮንን ሆኖ ረጅም ዘመን አገልግሏል። ከ1904 እስከ 1908 የሸቫሊየር ጋርድ ፈረሰኛ ክፍለ ጦርን አዟል፤ ይህ ለሀብት ተብሎ የሚሰጥ ሹመት አይደለም። በ1915 ሞስኮን እንዲያስተዳድር ተሾመ። እዚያ ነው የወደቀው። ጦርነቱ ተፋፍሟል፣ ሕዝቡ በጀርመኖች ላይ ተቆጥቷል፤ እሱ በተሾመ በሳምንታት ውስጥ በጀርመን ስም የሚጠሩ ሱቆችና ፋብሪካዎች ለቀናት ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ። ፖሊሱ ቆሞ አየ። ፌሊክስም በጊዜ አላስቆመም ተብሎ በወራት ውስጥ ከሥልጣን ወረደ። የሥራ ሰው እንጂ የፖለቲካ ሰው አልነበረም ብንል እንቀርባለን፤ ያም ሆኖ ስሙ ከዚያ ግርግር ጋር ተያይዞ ቀርቷል።

አንድ ሥዕል አሳዪያቸው። ሠዓሊው ቫለንቲን ሴሮቭ በ1902 እና በ1903 የቤተሰቡን ሥዕሎች ሠርቷል። ዚናይዳ በሳሎኗ ሶፋ ላይ ነጭ ለብሳ፣ ትንሽ ውሻ አጠገቧ። ልጁ ፌሊክስ ከቡልዶጉ ጋር። አባትየው ደግሞ የደንብ ልብሱን ለብሶ ፈረሱ ላይ። ሦስቱም ሩሲያ ሙዚየም ፒተርስበርግ ናቸው። ጎን ለጎን ስታስቀምጪያቸው የምታዪው ነገር አለ፦ ቤቱ፣ ዕቃው፣ ሐሩ ሁሉ በእሷ ሥዕል ውስጥ ነው። በእሱ ሥዕል ውስጥ ቤት የለም።

የጎጃሙ ጠበቃ፦

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከመዝገብ ገላጭ ጋር ትንሽ ልለይ። «ንብረቱ የእሷ ነው» ማለት እሱ እጁን አያስገባም ማለት አይደለም። በ1900 ባልና ሚስቱ አብረው የጻፉት ኑዛዜ አለ፦ ዘራችን በድንገት ቢጠፋ የሥዕልና የጌጥ ስብስባችን፣ ተንቀሳቃሹም የማይንቀሳቀሰውም፣ ከአገር ሳይወጣ ለመንግሥት ይሁን የሚል። ፊርማው የሁለቱ ነው። በሕግ ባለቤቷ እሷ ብትሆንም የቤቱን ዕጣ አብረው ይወስኑ ነበር።

ዳኛው «እኛ ዘንድስ እንዲህ ያለ ባል ነበር ወይ?» ካሉሽ ሩቅ አትሂጂ። ደብረ ታቦር ተቀምጠው የጣናን ምሥራቅ ዳርቻ ጨምሮ በጌምድርን የገዙትን ራስ ጉግሣ ወሌን ጥቀሺ። ባለቤታቸው ዘውዲቱ ሲነግሡ በጋብቻ ምክንያት ሥልጣን ወደ ባል እንዳያልፍ ተፈርቶ ከእሳቸው እንዲለያዩ ተደረገ። ሩሲያ ላይ ባል የሚስቱን ስም በፈቃድ አገኘ፤ እዚህ ደግሞ ባል ከሚስቱ ዙፋን እንዲርቅ ተደረገ። ንጽጽሩን ግን አታስረዝሚ፤ አለዚያ ውይይቱ ራስ ጉግሣ አንቺም ላይ እንዴት ወደቁ ወደሚለው ሄዶ ሩሲያን አትመልሺያትም።

ቤተ መጻሕፍት ዳር፦

ሀብቱ የት ገባ የሚለውን እኔ ልያዝ፤ አቅራቢዎች እዚህ ላይ ቸኩለው «አብዮቱ ወሰደው» ብለው ይዘጋሉ። ሂደት ነው።

የመሬት አዋጁ የወጣው በድሮው አቆጣጠር ኦክቶበር 26 ቀን 1917 ነው፤ የባላባት መሬት ያለ ካሳ ተወሰደ። የከተማ ቤት ለብቻው ነው የመጣው፤ በኦገስት 1918። እኛ አገር በ1967 የካቲት ላይ የገጠር መሬት፣ ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በተለያየ አዋጅ እንደመጣው ማለት ነው፤ ያን ዘመን የሚያውቅ ሰው ቅደም ተከተሉን ወዲያው ይገባዋል። አርሃንግልስኮዬ ሙዚየም ሆነ። የሞይካው ቤት ለመምህራን ተሰጠ፤ የፖሊ መምህራኑን ለዚህ ቦታ አቆያቸው፣ ደስ ይላቸዋል። ኮሬይዝ ላይ በፌብሩዋሪ 1945 በያልታ ጉባኤ ጊዜ ስታሊን አረፈበት።

ቤተሰቡ በኤፕሪል 1919 ከክራይሚያ የወጣው ማርልቦሮ በተባለ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ነው፤ የዛሩ እናት ማሪያ ፌዮዶሮቭናም እዚያው ላይ ነበሩ። ፌሊክስና ዚናይዳ ሮም ገቡ። የያዙት መሸከም የሚቻለውን ነው፦ ጌጥና ጥቂት ሥዕል። ሞስኮ ቤታቸው ግድግዳ ውስጥ ደብቀውት የሄዱትን ደግሞ የሶቪየት ሰዎች በ1925 አገኙት።

የሚንቀሳቀስ ንብረት እንዴት እንደሚያልቅ ለማሳየት የዝነኛውን ሠዓሊ የሬምብራንትን ሁለት ሥዕሎች ውሰጂ። ልጁ ፌሊክስ በ1921 ለአሜሪካዊው ጆሴፍ ዋይድነር በ100 ሺህ ፓውንድ ሰጠ። ውሉ ላይ መልሶ የመግዛት መብት ነበረው፤ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1924፣ ዋጋውን በዓመት 8 በመቶ ወለድ ጨምሮ። ነገር ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ገባበት፦ ሥዕሎቹን ራሱ ይዞ ራሱ ሊደሰትባቸው የሚችልበት አቅም ላይ ከተመለሰ ብቻ። ጊዜው ሳያልቅ የነዳጅ ነጋዴው ጉልቤንኪያን ገንዘቡን አበደረው። ዋይድነር አልመልስም አለ። ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ፌሊክስ ተረታ። ምክንያቱ ገንዘቡ መቅረቡ አይደለም፤ ብድር የተበደረ ሰው አቅሙ ተመልሶለታል አይባልም፣ ሥዕሎቹም ወደ አበዳሪው ማምራታቸው አይቀርም ተብሎ ነው። ዛሬ ሁለቱም ዋሽንግተን ብሔራዊ ሥዕል ማዕከል ተሰቅለዋል። ይህን ለዳኛው በዝርዝር ንገሪያቸው፤ ውል ላይ አንድ ሐረግ ምን እንደሚያስከፍል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ጉዳይ አላውቅም።

ጌጡም እንዲሁ አንድ በአንድ ሄደ። 41 ካራት የሚሆነው «የዋልታ ኮከብ» አልማዝ ተሸጠ። ላ ፔሌግሪና የምትባለው ዕንቁ እስከ 1953 ቆይታ ተሸጠች። በሌላ በኩል የገባላቸው ትልቅ ገንዘብ ከፍርድ ቤት ነው፦ የልጁ ሚስት ኢሪና በ1934 ለንደን ላይ አንድ የፊልም ኩባንያ ስሜን አጥፍቷል ብላ ከሳ 25 ሺህ ፓውንድ ተፈረደላት።

ቀን ቆጣሪ፦

የምኒልኩ ኮንት ሳይመለስ ቀረ እኮ። እሱ ኒኮላይ ሌዎንቲዬቭ ነው። በ1895 ኢትዮጵያ መጣ፣ በዚያው ዓመት የእኛን መልእክተኞች ይዞ ፒተርስበርግ ሄደ፣ የኮንትነት ማዕረጉን የሰጡት ራሳቸው ምኒልክ ናቸው። ከሱማሮኮቭም ከዩሱፖቭም ጋር አንድ አይደለም። ጥያቄው ከተነሳ በሁለት ዓረፍተ ነገር መልሺና እለፊ።

የወደብ ሰው፦

ዘግይቼ ነው የደረስኩት። ከጊዜሽ አምስት ደቂቃ ከተረፈ የተቃራኒውን ሰው አምጪ፦ ልዑል ሰርጌይ ኦቦሌንስኪ። ፌሊክስ ያገባው ማዕረግም ሀብትም ያላትን ነው። ኦቦሌንስኪ ግን ማዕረጉን ይዞ፣ አገሩን አጥቶ፣ በ1924 አሊስ አስተርን አገባ፤ አባቷ ጆን ጃኮብ አስተር ታይታኒክ ላይ የሞተው ባለጸጋ ነው። ከዚያ በፊት ሚስቱ የነበረችው የዛር አሌክሳንደር 2ኛ ልጅ ካትሪን ዩሬቭስካያ ነበረች።

ከአሊስ ጋር በ1932 ተፋቱ። የሚገርመው ከዚያ በኋላ ነው፤ ወንድሟ ቪንሰንት አስተር ኒው ዮርክ ያለውን ሴንት ሬጂስ ሆቴል አብሮት እንዲሠራ ወሰደው። ጋብቻው ቢፈርስም ሥራው ቀጠለ። ሆቴል ላይ ስሙና የሚያውቃቸው ሰዎች ብዛት ራሱ ንብረት ነው፤ ኋላ የሂልተን ሆቴሎች ቦርድ ምክትል ሊቀ መንበር ሆኗል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሃምሳ ዓመት አልፎት በፓራሹት መዝለል ተማረ፤ በሴፕቴምበር 1943 ከሦስት ሰዎች ጋር ሰርዲኒያ ላይ ወርዶ የጣሊያን ጦር አዛዥ ከአሜሪካኖቹ ጎን እንዲቆም ደብዳቤ አደረሰ። አድማጮችሽ የሆቴል ሰዎች ካሉባቸው ይህን ይወዱታል፤ ባሕር ዳር ደግሞ የሆቴል ሰው አይጠፋም።

ምዲቫኒ የሚባሉትን ወንድማማቾች ግን አታስገቢ። ሀብታም በማግባት የታወቁ ቢሆኑም ጆርጂያውያን ናቸው፣ ልዑልነታቸውም አከራካሪ ነው፤ ርዕሱን ያበላሹብሻል።

ዘጣና፦

ተባረኩ። ሦስቱን ፌሊክሶች በአንድ ወረቀት ላይ በዘር ሐረግ መልክ አትሜ ላከፋፍል ነው፤ ከእያንዳንዱ ስም ሥር ማዕረጉ በማን በኩልና በስንት ዓመት እንደመጣ። መጨረሻው ላይ የት እንደተቀበሩም ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር።

መዝገብ ገላጭ፦

ፌሊክስ በጁን 1928 ሮም ሞቶ እዚያው ቴስታቾ መካነ መቃብር ተቀበረ። ዚናይዳ ወደ ልጇ ፓሪስ ሄዳ በኖቬምበር 1939 አረፈች፤ መቃብሯ ከፓሪስ ውጭ ሳንት ዠንቪዬቭ ደ ቧ ነው፤ ልጁ ፌሊክስና ኢሪናም እዚያው ናቸው። ወረቀቱ ላይ ለፌሊክስ ሁለቱንም ዓመት ጻፊ፦ 1856 የተወለደበትና አባቱ ኮንት የሆነበት፣ 1885 እሱ ልዑል የሆነበት። ወራሹ ኒኮላይንም አትርሺው፤ እሱ ከሌለበት ሦስተኛው ፌሊክስ ለምን ልዑል እንደሆነ አይገባቸውም። የድሮውን ቀን ብቻ ተጠቀሚ፤ ከላይ ጥግ ላይ «ቀኖቹ በዩልዮስ አቆጣጠር ናቸው፣ ከ1918 በኋላ ያሉት በጎርጎርዮስ» ብለሽ በትንሹ ጻፊ።